ከቀዶ ሕክምና እስከ መጀመሪያው ኬሞ፦ የሊማ 687 ሴቶች

የፔሩ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም የሚገኘው በዋና ከተማዋ በሊማ፣ ሱርኪዮ በሚባለው ሰፈር ነው። በስፓኒሽ ምህጻሩ ኢኔን ይሉታል። ሥራ የጀመረው በ1939 ነው (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከአንዲስ ተራሮችም ሆነ ከአማዞን ደን ለሚመጣ የካንሰር ታማሚ ለረጅም ዘመን የመጨረሻው በር ይኸው ነበር። በዲሴምበር 2018 ቴክሳስ ውስጥ በሳን አንቶኒዮ በተካሄደው ዓመታዊ የጡት ካንሰር ጉባኤ ላይ የተቋሙ ኦንኮሎጂስት (የካንሰር ሐኪም) ዛይዳ ሞራንቴ ከባልደረቦቻቸው ጋር የሠሩትን ጥናት አቀረቡ። የተጠየቀው ጥያቄ ቀላል ይመስላል። ትሪፕል ኔጌቲቭ የሚባለው፣ የተለመዱት ሦስት ተቀባዮች የሌሉት የጡት ካንሰር ያለባት ሴት ቀዶ ሕክምናው ከተደረገላት በኋላ የመጀመሪያውን ኬሞ (የካንሰር ሴል የሚገድለውን መድኃኒት) እስክትወስድ ስንት ቀን ብትቆይ ይጎዳታል?

ለመልሱ የ687 ሴቶች ካርድ ተገለጠ። ጊዜው ከ2000 እስከ 2014 ያለው ነው። ሁሉም ካንሰሩ ወደ ሌላ አካል ሳይዛመት የተደረሰባቸው፣ ቀዶ ሕክምናው ቀድሞ ኬሞው የተከተለላቸው ናቸው። በቆዩበት ቀን ብዛት አራት ቦታ ተከፈሉ፦ እስከ 30 ቀን ድረስ የጀመሩ 189፣ ከ31 እስከ 60 ባለው የጀመሩ 329፣ ከ61 እስከ 90 ባለው 115፣ 91 ቀንና ከዚያ በላይ የቆዩ ደግሞ 54። በሌላ አነጋገር ከአራቱ ሦስቱ በሁለት ወር ውስጥ ጀምረዋል። አንድ ወር ሳይሞላ የጀመሩት ግን ከመቶ 27ና 28 ያህሉ ብቻ ናቸው።

በአሥር ዓመት በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው ሲሰላ በቅደም ተከተል 82፣ 67.4፣ 67.1 እና 65.1 በመቶ ሆነ። ካንሰሩ ሳይመለስባቸው የመቆየት ዕድላቸው ደግሞ 81.4፣ 68.6፣ 70.8 እና 68.1 በመቶ።

እነዚህን ስምንት ቁጥሮች ቶሎ ማለፍ አይገባም። አብዛኛው ሰው «በቆየች ቁጥር እየባሰ ይሄዳል» ብሎ ነው የሚያነባቸው። ቁጥሩ የሚለው ግን እንደዚያ አይደለም። የሚያዘቀዝቅ መንገድ ሳይሆን አንድ ደረጃ ነው ያለው፤ ደረጃውም በ30ኛው ቀን አካባቢ ነው። ከዚያ በፊት የጀመሩትና ከዚያ በኋላ የጀመሩት መካከል በሕይወት በመቆየት ወደ 15 ነጥብ የሚጠጋ ልዩነት አለ። ከዚያ በኋላ ባሉት ሦስት ቡድኖች መካከል ያለው ልዩነት ግን ሁለት ነጥብ ብቻ ነው። እንዲያውም ከ61 እስከ 90 ቀን የቆዩት ካንሰሩ ባለመመለስ በኩል ከ31 እስከ 60 ከቆዩት በጥቂቱ የተሻሉ ናቸው። ይህ መጠበቅ ጠቀማቸው ማለት አይደለም። 115 ሰው ባለበት ቡድን ሁለት ነጥብ የአጋጣሚ መወዛወዝ ነው። 54 ሰው ባለበት ቡድን ውስጥ ደግሞ የአንድ ሴት ዕጣ ብቻ ቁጥሩን ወደ ሁለት ነጥብ ያህል ያነቃንቀዋል።

ሁለተኛው ጥንቃቄ፦ ይህ ዕጣ ተጥሎ «አንቺ በ20 ቀን፣ አንቺ በ60 ቀን ጀምሪ» ተብሎ የተሠራ ሙከራ አይደለም፤ እንዲያ ያለ ሙከራ ማንም የሕክምና ሥነ ምግባር ኮሚቴ አይፈቅድም። ካርድ ነው የተነበበው። ዘግይታ የጀመረች ሴት የዘገየችው ቁስሏ ስላመረቀዘ፣ ስኳር ወይም የልብ ሕመም ስላለባት፣ ወይም የትራንስፖርት ገንዘብ ስላጣች ሊሆን ይችላል፤ እነዚህም በራሳቸው ዕድሜ ያሳጥራሉ። ተመራማሪዎቹ በካንሰሩ ደረጃ፣ በዕድሜና በመሳሰሉት አስተካክለው አስልተዋል፤ ካርድ ላይ ያልተጻፈውን ግን ማንም ማስተካከል አይችልም። ስለዚህ 15ቱን ነጥብ በሙሉ ለመዘግየቱ ብቻ መስጠት ማጋነን ነው። ምንም እንዳልሆነ አድርጎ ማለፍም እንዲሁ።

ለምን በዚህ ዓይነቱ ካንሰር?

ከጡት ካንሰሮች ትሪፕል ኔጌቲቩ 15 በመቶ ያህል ነው። ስሙ የመጣው የኤስትሮጅን ተቀባይ፣ የፕሮጄስትሮን ተቀባይና ኸር-2 የሚባለው ፕሮቲን ሦስቱም ስለሌሉት ነው። በዚህ ምክንያት የሆርሞን ክኒኑ ታሞክሲፈን አይሠራበትም፣ ኸር-2ን የሚይዘው መድኃኒት ትራስቱዙማብም የሚይዘው ነገር አያገኝም። ሴሎቹ በፍጥነት ይራባሉ። ከተመለሰም በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ውስጥ ይመለሳል፤ ከአምስት ዓመት በኋላ የመመለሱ ነገር በጣም ይቀንሳል። የሆርሞን ተቀባይ ያለባት ሴት ኬሞው ቢዘገይባት ለዓመታት የምትውጠው ክኒን ከኋላ ይደግፋታል። በ2000 እና በ2014 መካከል ሊማ ላይ ትሪፕል ኔጌቲቭ ለያዛት ሴት ግን ከኬሞ በኋላ የሚጠብቃት ሌላ መድኃኒት አልነበረም።

ቀዶ ሕክምናው ዕጢውን ያወጣል እንጂ አስቀድመው በደም ያመለጡትን ሴሎች አይነካም። እነዚህ ጥቂት ሳሉ ማግኘትና ከተባዙ በኋላ ማግኘት አንድ አይደለም፤ በተባዙ መጠን መድኃኒቱን የሚቋቋም ዘር የመፈጠሩ ዕድል ያድጋል። ቁስሉ ለመዳን ሲል ሰውነት የሚያመነጫቸው እድገት ቀስቃሽ ንጥረ ነገሮች እነዚህን ሴሎች ያነቃቃሉ የሚል መላምትም አለ። መላምት እንደሆነ ይቆይ።

ካሊፎርኒያ ሌላ ቁጥር አወጣች

የሊማው ጥናት ብቻውን አይደለም። በ2016 የታተመ የካሊፎርኒያ የካንሰር መዝገብ ጥናት ከ2005 እስከ 2010 የተመረመሩ 24,843 ሴቶችን ተመልክቷል፤ ዓይነቱ ሳይለይ ማንኛውም የጡት ካንሰር ነው የተቆጠረው። አማካዩ ጥበቃ 46 ቀን ነበር። እዚያ እስከ 90 ቀን ድረስ የጎላ ልዩነት አልታየም፤ 91ን ያለፉት ግን በ31 ቀን ውስጥ ከጀመሩት ጋር ሲነጻጸሩ የመሞት ስጋታቸው በ34 በመቶ ከፍ ብሏል። ትሪፕል ኔጌቲቮቹ ብቻ ተለይተው ሲታዩ ጭማሪው 53 በመቶ ሆነ። ከዚያ በፊት በ2014 ሂዩስተን የሚገኘው የኤምዲ አንደርሰን ማዕከል 6,827 ታካሚዎቹን አይቶ ነበር፤ እዚያ ደግሞ 61 ቀንን ያለፉ ትሪፕል ኔጌቲቮች ስጋታቸው በ54 በመቶ ከፍ ያለ ነው።

30፣ 61፣ 91። ሦስት ቦታ ሦስት ድንበር። የሚጋጩ ቢመስሉም አቅጣጫቸው አንድ ነው፤ ዓይነቱ ጨካኝ ሲሆን የመዘግየቱ ዋጋ ይጨምራል። ድንበሩ የተለያየው በከፊል አመዳደቡና የሰዉ ብዛት ስለተለያየ ነው። ለሐኪም ቤት አሠራር ግን ከሦስቱ በጣም ጠባቡን ይዞ መሥራት ይሻላል፤ 30ን ያነጣጠረ ክፍል ቢስት 40 ላይ ያርፋል፣ 90ን ያነጣጠረ ቢስት የት እንደሚያርፍ ማንም አይነግርህም።

ከካሊፎርኒያው ጥናት አንድ ነገር እዚህ ላይ መነሳት አለበት። ማን ነው የሚዘገየው ተብሎ ሲታይ፦ ድሃ የሆነች፣ የግል ኢንሹራንስ የሌላት፣ ጡቷ በቀዶ ሕክምናው ጊዜ እንደገና የተሠራላት፣ ሂስፓኒክ (የዘር ሐረጓ ከስፓኒሽ ተናጋሪ አገሮች የሆነ) ወይም ጥቁር የሆነች። በነገራችን ላይ አሜሪካ የምትኖር ኢትዮጵያዊት በመዝገቡ የምትቆጠረው በዚሁ «ጥቁር» በሚለው ረድፍ ነው። የሊማዋ ሴት በአገሯ አናሳ አይደለችም፣ ቋንቋም አልቸገራትም፣ ግን እሷም ዘግይታለች። ስለዚህ «ሂስፓኒክ» የሚለው ቃል እዚህ የሚያመለክተው ደም ሳይሆን ወረፋ ነው። የዘር ሐረግ ምንም ድርሻ የለውም ማለት ግን አይደለም። እዚያው ኢኔን የተሠራ ሌላ ጥናት የአገሬው ነባር ሕዝብ ሐረግ በበዛባት ሴት ላይ ኸር-2 ፖዘቲቭ ካንሰር በብዛት እንደሚታይ አሳይቷል። ይህ ግን ስለ ካንሰሩ ዓይነት ነው፤ ቀኑን የሚበላው ሌላ ነው።

ቀኖቹ የት ይሄዳሉ?

እስቲ እንቁጠር። ቀዶ ሕክምናው የተደረገበት ቀን ዜሮ ነው። የፓቶሎጂ፣ ማለትም የተቆረጠው ሥጋ በማይክሮስኮፕ የሚታይበት ምርመራ ውጤት 14 ቀን ይፈጃል እንበል። ውጤቱን ይዛ ኦንኮሎጂስት ለማግኘት ሌላ 7 ቀን። ሐኪሙ የደምና የጉበት ምርመራ ያዛል፤ እስኪመለስ 7 ቀን። ከዚያ የልብ አልትራሳውንድ፣ ማለትም ኤኮ ይታዘዛል፤ ወረፋው 10 ቀን። በመጨረሻ የኢንሹራንስ ፊርማና መድኃኒት ማውጣት 5 ቀን። ድምሩ 43 ነው። ልብ በሉ፤ እዚህ ውስጥ የሰነፈ ሰው የለም። እያንዳንዱ ክፍል ሥራውን በወጉ ሠርቷል፤ ሴትየዋ ግን በሊማው ሰንጠረዥ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ወድቃለች። ችግሩ ሥራዎቹ ተራ በተራ መሠራታቸው ነው፤ አንዱ እስኪያልቅ ሌላው አይጀመርም።

ከአምስቱ ሥራዎች ቀዶ ሕክምናውን መጠበቅ ያለበት በከፊል አንዱ፣ የፓቶሎጂው ውጤት ብቻ ነው። ኤኮ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሊሠራ ይችላል። ከኬሞ መድኃኒቶቹ አንዱ የሆነው ዶክሶሩቢሲን ልብን ስለሚጎዳ የሚፈለገው የግራው የልብ ክፍል ደም የመርጨት አቅም ቢያንስ 50 በመቶ መሆኑን ማወቅ ነው፤ ይህ ደግሞ ጡት ስለተቆረጠ አይለወጥም። የሄፓታይተስ ቢ ምርመራም እንዲሁ፤ ይህ ሳይታይ ኬሞ ቢጀመር ተኝቶ የነበረው ቫይረስ ሊነሳና ጉበትን ሊያጠፋ ይችላል። ውጤቱ ፖዘቲቭ ቢሆን መከላከያ ክኒን ይጀመራል እንጂ ኬሞው አይሰረዝም። የኦንኮሎጂ ቀጠሮ ከሆስፒታል በምትወጣበት ቀን ለ14ኛው ቀን ይያዛል፤ ውጤቱ ባይደርስ እንኳ ሐኪሙ ያያታል፣ ክብደትና ቁመቷ ይለካል፣ የእርግዝና ምርመራ ይደረግላታል። ከደም ምርመራዎቹ ቀድሞ ተሠርቶ የማይቀመጠው የደም ቆጠራ ብቻ ነው። እሱ በኬሞው ዋዜማ ወይም ከሁለት ሦስት ቀን በፊት ይሠራል፤ በአብዛኛው የሚጠበቀው ኒውትሮፊል (ኢንፌክሽን የሚዋጋው ነጭ የደም ሴል) 1,500፣ ፕላትሌት (ደም የሚያረጋው ሴል) 100,000 እና ከዚያ በላይ መሆኑ ነው።

ከሁሉም በላይ ብዙ ቀን የሚያተርፈው ግን የሦስቱ ተቀባዮች ምርመራ ከቀዶ ሕክምናው በፊት በወፍራም መርፌ ከተወሰደው ናሙና ላይ መሠራቱ ነው። በቀጭን መርፌ ብቻ «ካንሰር ነው» ተብላ ወደ ቀዶ ሕክምና የገባች ሴት ዓይነቱ ምን እንደሆነ የሚታወቀው ጡቷ ከተቆረጠ በኋላ ነው። ያኔ ሰዓቱ መቁጠር ጀምሯል።

ማሰሮው

ከቀዶ ሕክምና ክፍል ወጥቶ ፓቶሎጂ እስኪደርስ ያለውን ዕቃ ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። የተቆረጠው ጡት ወዲያው በምላጭ በስሱ ተከፍቶ በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ ሥጋውን ከመበስበስ ወደሚጠብቀው ፈሳሽ፣ ወደ 10 በመቶ ፎርማሊን መግባት አለበት፤ ፎርማሊኑም ሥጋውን በብዛት መሸፈን አለበት። ሙሉ ጡት ሳይከፈት ትንሽ ፎርማሊን ባለበት ማሰሮ ውስጥ ከተጠቀጠቀ ጠርዙ ብቻ ይደርቅና መሃሉ ይበሰብሳል። ዕጢው ያለው ደግሞ መሃል ላይ ነው። ፎርማሊን ውስጥ መቆየት ያለበት ከ6 ሰዓት እስከ 72 ሰዓት ነው። ዓርብ ከሰዓት የተሠራ ቀዶ ሕክምና ሰኞ ከሰዓት 72ቱን ይሞላል፤ ሰኞ በዓል ከሆነማ አልፏል።

ይህ ለምን ከጊዜ ጋር ይያያዛል? በደንብ ያልተጠበቀ ናሙና የኤስትሮጅን ተቀባይ ያለውን ካንሰር የሌለው አስመስሎ ሊያሳይ ይችላል። ያኔ ፓቶሎጂስቱ ይጠራጠራል፣ ምርመራው ይደገማል፣ አንድ ሳምንት ይሄዳል። ካልተጠራጠረ ደግሞ የባሰ ነው፤ ሆርሞን ክኒን የሚረዳት ሴት «ትሪፕል ኔጌቲቭ» ተብላ ትቀራለች። ከ1 በመቶ በታች የሆነ ቀለም ብቻ ነው ኔጌቲቭ የሚባለው። ኸር-2 ደግሞ ዜሮና አንድ ፕላስ ኔጌቲቭ፣ ሦስት ፕላስ ፖዘቲቭ ነው። ሁለት ፕላስ ሲመጣ ያልለየለት ነውና ፊሽ ወደሚባለው የጂን ምርመራ ይላካል። ያ ምርመራ በሌለበት ከተማ ብሎኩ (ናሙናው የተቀበረበት ሰም) ተጭኖ ይሄዳል፤ አንዳንዴ በቤተሰብ እጅ በፌስታል። የእኛ አንባቢ ይህን ሥዕል ለማየት ሊማ ድረስ መሄድ አያስፈልገውም።

ሐኪሙ የሚጠብቀውና መጠበቅ የሌለበት

ከጡት ቀዶ ሕክምና በኋላ ኬሞ ለመጀመር ቁስሉ መዝጋት አለበት፤ ይህ በተለምዶ ሦስትና አራት ሳምንት ይወስዳል። የፈሳሽ ማውጫው ቱቦ በ24 ሰዓት ከ30 ሚሊ ሊትር በታች ሲሆን ይወጣል። ቱቦው ከወጣ በኋላ ብብት ሥር ፈሳሽ ሊጠራቀም ይችላል፤ በመርፌ ይቀዳል። ይህ ፈሳሽ ንጹሕ ከሆነና ትኩሳት ከሌለ ኬሞን ለማዘግየት ምክንያት አይደለም። ብዙ ቀን የሚጠፋው «ፈሳሹ ይድረቅና ትምጣ» በሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። መግል፣ የተከፈተ ቁስል፣ ትኩሳት ካለ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ነጭ የደም ሴል በሚያወርድ መድኃኒት ላይ ኢንፌክሽን መጨመር ሴትየዋን በሁለት ሳምንት ውስጥ ሊገድላት ይችላል።

መድኃኒቱ ራሱ ውስብስብ አይደለም። የተለመደው ቅደም ተከተል ዶክሶሩቢሲን 60 ሚሊ ግራም እና ሳይክሎፎስፋማይድ 600 ሚሊ ግራም በካሬ ሜትር በየ21 ቀኑ አራት ጊዜ፣ ከዚያ ፓክሊታክሰል 80 ሚሊ ግራም በካሬ ሜትር በየሳምንቱ 12 ጊዜ ነው። 150 ሴንቲ ሜትር የምትረዝምና 62 ኪሎ የምትመዝን ሴት የሰውነቷ ስፋት 1.6 ካሬ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ስለዚህ ዶክሶሩቢሲኑ 96፣ ሳይክሎፎስፋማይዱ 960፣ ፓክሊታክሰሉ 128 ሚሊ ግራም ነው። ፋርማሲው 50 ሚሊ ግራም የሚይዘውን የዶክሶሩቢሲን ጠርሙስ ካላገኘ አሥር ባለ 10 ሚሊ ግራም ያስፈልጋል። ስምንት ብቻ ካለ ቀጠሮው ይተላለፋል። ለአራቱ ዙር የሚበቃው ከመጀመሪያው ቀን በፊት በስሟ መያዝ ያለበት ለዚህ ነው። ዶክሶሩቢሲን ከደም ሥር ካፈሰሰ ሥጋ ያቃጥላል፤ ስለዚህ ቀዶ ሕክምና ባልተደረገበት ወገን ባለው ክንድ፣ ደህና ደም ሥር ላይ፣ ነርሷ አጠገቧ ቆማ ነው የሚሰጠው። በመጀመሪያው ዙር ክንዷ የቆሰለባት ሴት ለሁለተኛው በሰዓቷ አትመጣም።

የፔሩ ሁኔታ

በጥናቱ ከተካተቱት ዓመታት አብዛኛዎቹ በኖቬምበር 2012 «የተስፋ ዕቅድ» የተባለው ብሔራዊ የካንሰር ፕሮግራም ከመታወጁ በፊት የነበሩ ናቸው። ዕቅዱ ሲመጣ ለድሆች የሆነው የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ ዋና ዋናዎቹን ካንሰሮች መሸፈን ጀመረ። ከዚያ በፊት ብዙ ቤተሰብ ለምርመራውም ለመድኃኒቱም ከኪሱ ይከፍል ነበር፤ በቀዶ ሕክምናውና በኬሞው መካከል ያለው ጊዜ ደግሞ ብር የሚለቀምበት ጊዜ ነው። ከኩስኮ ሊማ በአውቶቡስ ከ20 ሰዓት በላይ ያስኬዳል። ቱቦ ይዛ ወደ አገሯ የተመለሰች ሴት ለኤኮ አንድ ጊዜ፣ ለደም ምርመራ አንድ ጊዜ፣ ለቀጠሮ አንድ ጊዜ ተመላለሽ ስትባል ሦስተኛው ላይ ትቀራለች። በትሩሂዮና በአሬኪፓ የተከፈቱት የክልል የካንሰር ተቋማት ለዚህ መልስ ነበሩ፤ ሁሉንም አውራጃ ግን አይደርሱም። ለሩቅ መጪ ቀላሉ ዘዴ ሁሉንም ምርመራ በአንድ ጉዞ፣ በተከታታይ ሁለት ቀን ውስጥ መጨረስ ነው።

ሰዓቱ ዛሬ የሚጀምረው ሌላ ቦታ ነው

ከጥናቱ በኋላ ሕክምናው ተቀይሯል። ዛሬ ትሪፕል ኔጌቲቭ ዕጢ 2 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ወይም የብብት እጢ ከተነካ ኬሞው ከቀዶ ሕክምናው በፊት ይሰጣል። አቅም ባለበት አገር ፔምብሮሊዙማብ የተባለው የበሽታ መከላከያ አንቂ መድኃኒት አብሮ ይገባል፤ የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን ይህን የፈቀደው በጁላይ 2021 ነው። ጥቅሙ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ቁስል እስኪድን መጠበቅ የለም። ሁለተኛ፣ ዕጢው ለመድኃኒቱ የሰጠው መልስ በዓይን ይታያል፤ በቀዶ ሕክምናው ጊዜ የተረፈ ካንሰር ከተገኘ ካፔሲታቢን የተባለው ክኒን ይጨመራል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ዕጢ ይዛ የመጣችን ሴት ቀድሞ ቢላዋ ላይ ማስተኛት ዛሬ ራሱ ስህተት ነው፤ በ20 ቀን ኬሞ ቢጀመርላትም።

የ30 ቀኑ ጉዳይ የሚቀረው ዕጢያቸው ትንሽ ሆኖ ቀዶ ሕክምናው ለሚቀድምላቸው፣ ቀድሞ ተቀባዮቹ ሳይመረመሩ ለተቆረጠባቸው፣ ወይም ከሩቅ ሆስፒታል ተቆርጠው ለሚላኩ ነው። ከእነዚህ አንዷ በ45ኛው ቀን ሪፈሯን ይዛ በር ላይ ብትቆም «አልፎብሻል» መባል የለባትም። በሊማው ሰንጠረዥ ከ30 ቀን በኋላ ከጀመሩት ሴቶች ከሦስቱ ሁለቱ የአሥር ዓመቱን መንገድ ዘልቀዋል፤ ሁሉም ኬሞውን የወሰዱ ናቸው። በዚያው ቀን ደሟ ይቀዳል፣ ኤኮው በዚያው ሳምንት ይሠራል፣ የፓቶሎጂው ብሎክ ይጠየቃል፣ የመጀመሪያው ኬሞ ቀን ካርዷ ላይ ተጽፎላት ትወጣለች።